ስለ ባሕር ዳርቻ ሰዎች ዕውቀትና ስለ ሳይንስ፦ ከአቃቂ ዳር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰዎች ሲቀባበሉት የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ የሚሞግተው የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የነዋሪዎችን ዕውቀት ከሳይንስ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል የሚለውን አስተሳሰብ ሲሆን፣ መነሻ ያደረገውም በባሕር ዳርቻ ማኅበረሰቦች ዘንድ የተሠሩ ሥራዎችን ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። ባሕር የሌላት አገር ከባሕር ዳርቻ የምትማረው የለም፤ የአየር ንብረቱ ከተለወጠ ወዲህ የአባቶች ዕውቀት ጊዜው አልፎበታል፤ ያልተለካ ነገር ዕውቀት ሊባል አይችልም፤ ሳተላይትና የኮምፒውተር ስሌት ባለበት ዘመን ሳይንስ ብቻውን ይበቃል፤ በመጨረሻም «ማጣመር» የሚባለው ነገር የፕሮጀክት ገንዘብ ማግኛ ቋንቋ ነው። መደምደሚያቸው ወደ እኛው ሰፈር ይመጣና፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠሩ የጎርፍ መከላከያዎች ነዋሪን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ስለሆነ ጥናቱ ለባለሙያ ብቻ ይተው ይላል።

እኔ የምኖረው በአቃቂ ወንዝ አጠገብ፣ ቤቱ አልቆ የጤፍና የሽምብራ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሙያዬ የመሬት ቅየሳ ስለነበረ ጸሐፊው ለመለኪያና ለቁጥር ያላቸውን አክብሮት ከልብ እጋራለሁ። ብዕር ያነሣሁትም ሳይንስን ለማሳነስ ሳይሆን፣ ጽሑፉ ሁለቱን ዕውቀቶች እንደ ባላንጣ አቁሞ አንዱን ለመጣል ሲሞክር ሁለቱም የሚሳሳቱበትን ቦታ ስለሸፈነብን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ነጥብ ብዙ አልቆይም። የባሕር በር የሌለን መሆኑ ከባሕር ተጽዕኖ ነጻ አያወጣንም። ክረምታችንን የሚያዘንበው እርጥበት ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖሶች ጭምር የሚነሣ ሲሆን፣ ሩቅ ያለው ሰላማዊ ውቅያኖስ ሲሞቅ ደግሞ ዝናባችን ይሳሳል፤ በ2015 የተከሰተው ኤልኒኖ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ለምግብ እርዳታ ጠባቂነት የዳረገው በዚህ መንገድ ነው። ከውጭ የምናስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑም፣ የዓለም ባሕር ከፍታ ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል መጨመሩ የእኛም የስንዴና የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው ያላስተዋሉት መመሳሰል አለ። ዝቅተኛ የባሕር ዳርቻ ማለት ከላይ የመጣ ወንዝ ፍጥነቱ የሚበርድበት፣ ደለሉን የሚጥልበት፣ መሬቱም ደልዳላ ከመሆኑ የተነሣ ውኃው በቀላሉ የማይወጣበት ቦታ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማው ዙሪያ ካሉ ተራሮች ወርደው ከተማውን ካቋረጡ በኋላ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት የሚያልፉበት ጥቁር አፈር ሜዳም በጠባዩ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የበረታው ነው፤ በከፊልም ትክክል ነው። የዓለም ባሕር ከፍታ ከ2006 እስከ 2018 በየዓመቱ በአማካይ 3.7 ሚሊ ሜትር ጨምሯል። ውኃው በቀን ሁለቴ በሜትር የሚቆጠር ከፍ ዝቅ በሚልበት ዳርቻ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ይህችን ጭማሪ በዐይኑ ለይቶ ሊያያት አይችልም፤ የነገረን መለኪያና ሳተላይት ነው። በእኛም ዘንድ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ነሐሴ ከዓመቱ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ወራት አንዱ ነው፤ ዝናቡም ከቡሄ በኋላ ሳምንታት ይዘልቃል። አባባሉን እንደ ቀን መቁጠሪያ ወስዶ በቡሄ ማግስት ቦዩን መጥረግ የተወ ሰው ቤቱን ለውኃ አጋልጦ ይሰጣል። የወቅት ምልክቶች እንደሚያሳስቱ፣ የአየር ንብረቱ በተለወጠ ቁጥርም ይበልጥ እያሳሳቱ እንደሚሄዱ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን ጸሐፊው የአካባቢን ዕውቀት በሙሉ በወቅት ምልክት ወስነው አዩት። ከዚህ ሌላ የቦታ ዕውቀት የሚባል አለ፤ እርሱም የሰማዩ ጠባይ ስለተለወጠ ብቻ አይሻርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ አዲስ መንደር ሲቆረቆር የሆነውን ልናገር። ቦታውን የለካው ወጣት ባለሙያ ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ ነበር። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ገበሬ ችካሉ ሲተከል አይተው ቀረቡና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጨፌ ነው፤ በነሐሴ ከብት እንኳ አናስገባበትም ነበር» አሉት። ጨፌ ውኃ የሚተኛበት ለምለም መስክ ነው። በካርታው ላይ ግን የከፍታ መስመሮቹ ተራርቀው የተሣሉ ስለነበሩ ያ ጎድጓዳ መስክ ደልዳላ መሬት ሆኖ ይታያል። አዛውንቱ የተናገሩትን በማስታወሻው ላይ ያሰፈረ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ክረምት ውኃው መጥቶ በመንደሩ መካከል ተኛ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ለአዛውንቱ ብቻ የሚመሰክር ይሆን ነበር። ግን እርሳቸውም ተሳስተው ነበር። ውኃው ከአሮጌው የከብት መንገድ አልፎ ስለማያውቅ ወደፊትም እንደማያልፍ ስላመኑ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ልጃቸው ዕቃውን እንዲያነሣ አልነገሩትም። በዚያ ሌሊት ውኃው መንገዱን ተሻግሮ ልጃቸው ቤት ገባ፤ የዓመት እህላቸው በጎተራው ውስጥ ራሰ። ምክንያቱ ከላይ በኩል ነበር። ቀድሞ ዝናቡን ይመጥ የነበረው ማሳ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን ስለተሸፈነ ወደ ታች የሚወርደው ውኃ እርሳቸው ከሚያውቁት እጅግ በዝቷል። ይህን ጭማሪ በወረቀት ላይ ማስላት የሚችለው ያ ወጣት ባለሙያ ነበር። አዛውንቱ ውኃው የት እንደሚተኛ ያውቁ ነበር፤ ወጣቱ ምን ያህል ውኃ እንደሚመጣ ማስላት ይችል ነበር፤ ሁለቱ ግን አንድም ቀን ያንን ሜዳ አብረው አልዞሩም። ሁለቱንም የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለ ሳላገናኛቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቦታ ዕውቀት ምን ያህል ዘመን ሊሻገር እንደሚችል ለማየት ደግሞ በኢንዶኔዥያ ወደምትገኘው ሲሙሉ ደሴት መሄድ ነው። በእርግጥ የምጠቅሰው አደጋ ከምድር መናወጥ የመጣ እንጂ የአየር ንብረት ለውጥ ውጤት አይደለም፤ የማነሣውም ጸሐፊው «የአፍ ወሬ ሁለት ትውልድ አይሻገርም» ስላሉ ነው። በ1907 ደሴቲቱን ሱናሚ መትቷት ነበር። ከዚያ የተረፉት ሰዎች ምድር በኃይል ከተናወጠችና ባሕሩ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጡ የሚለውን ትምህርት «ስሞንግ» በሚል ስም በተረትና በእንጉርጉሮ ለልጆቻቸው አወረሱ። በ2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲነሣ ደሴቲቱ ለመናወጡ ማዕከል ከሁሉም የቀረበች ነበረች፤ በውቅያኖሱም ላይ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረም። ወደ 78000 ከሚጠጋው ነዋሪ የሞቱት 7 ሰዎች ናቸው። በአቅራቢያዋ ባለው የአቼ ምድር ግን ያለቀው ሰው ከ160000 በላይ ነው። ከ1907 እስከ 2004 ያለውን የ97 ዓመት ርቀት ጸሐፊው ራሳቸው በትውልድ ይቁጠሩት።

ያልተለካ ነገር ዕውቀት አይደለም የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። ያልተለካ ማለት የማይለካ ማለት አይደለም። በአላስካ ሰሜናዊ ጠረፍ የሚኖሩት የኢኑፒያት ሕዝቦች ኑሯቸው ከቦውሄድ ዓሣ ነባሪ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን፣ የቀሩት እንስሳት ከ2000 እንደማይበልጡ ከሳይንቲስቶች ስለተነገረው አደናቸውን አገደ። ቆጠራው ይካሄድ የነበረው በበረዶው ጠርዝ ላይ ቆሞ በክፍት ውኃ የሚያልፉትን በማየት ነው። አዳኞቹ ግን እንስሳቱ ከበረዶው ሥር ጭምር እንደሚጓዙ፣ በረዶውን በራሳቸው ሰብረው እንደሚተነፍሱ፣ ከዐይን ርቀውም እንደሚያልፉ ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን ቃል እንደ መላ ምት ወስደው በውኃው ውስጥ የድምፅ መቅጃ አስገቡ፤ ከአውሮፕላንም ቆጠሩ። አዳኞቹ ልክ ሆነው ተገኙ፤ በኋላ የወጣው ቁጥር ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነበር። መሣሪያው የሳይንቲስቶቹ ነው፤ የት መቀመጥ እንዳለበት ያሳዩት ግን አዳኞቹ ናቸው። በቅየሳ ሙያ ውስጥ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ይህ ነገር ጠልቆ ይሰማኛል፤ መሣሪያ የሚነግረን የተተከለበትን ቦታ ብቻ ነውና።

ለዚህ ምሳሌ ወደ አላስካ መሄድም ግድ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ዋልካ መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች፣ በክረምት ውኃ የሚቋጥረውን ማሳ ለማጠንፈፍ አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ ሰፋ ያለ መደብና ፈሰስ ይሠሩ ነበር። ተመራማሪዎች ይህን ተመልክተው በ1980ዎቹ ሁለት ማረሻ በማጣመር መደቡን በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ፤ ድካሙም በብዙ ቀነሰ። እዚያው ሸዋ ውስጥ የተገላቢጦሹም አለ። በሸኖ አካባቢ ጓይ የሚባለው፣ አፈሩን ከምሮ የማቃጠል ልማድ ለጊዜው የገብሱን ምርት ከፍ ያደርጋል። የአፈር ምርመራ ግን ማቃጠሉ የአፈሩን ብስባሽ እንደሚያጠፋ አሳየ፤ ማሳው ካንዱ ጓይ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጦም የሚያድረው በከንቱ አይደለም። አንዱ ልማድ ሲመረመር መሣሪያ ወለደ፤ ሌላው ሲመረመር ጉዳቱ ታወቀ። ሁለቱም ግን ባይመረመሩ ኖሮ እንደ ኋላ ቀርነት አብረው ይጣሉ ወይም እንደ ቅርስ አብረው ይወደሱ ነበር። እኔ የምቃወመው ሁለቱንም ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ሳይንስ ብቻውን ይበቃል ወደሚለው ልምጣ፤ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት ዋና ምስክር ባንግላዴሽ ናት። በ1960ዎቹ በባሕር ዳርቻዋ የተገነቡት ታላላቅ የአፈር ግድቦች የእርሻውን መሬት ከጨው ውኃ እንደታደጉ ጽፈዋል። ይህ እውነት ነው፤ የታሪኩ መጀመሪያ ግን እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ግድቦቹ ከመሠራታቸው በፊት በደቡብ ምዕራብ ባንግላዴሽ የነበሩ ገበሬዎች በዓመት ውስጥ ለስምንት ወር ብቻ የሚያገለግል ዝቅተኛ የአፈር ክትር ይሠሩ ነበር። ክትሩ የጨው ውኃ በሚበረታበት ወራት ማሳውን ይጠብቃል፤ የዝናቡ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ይፈርሳል፤ ደለል የተሸከመው የወንዝ ውኃም ገብቶ ደለሉን በማሳው ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። መሬቱ በየዓመቱ በጥቂቱ ከፍ የሚለውና ለም ሆኖ የሚቆየው በዚህ ነበር። መሐንዲሶቹ ያመጡት ግድብ ቋሚ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ጨመረ። ነገር ግን ደለሉ ወደ ማሳው መግባት ስለተከለከለ በወንዞቹ ወለል ላይ መቀመጥ ጀመረ። ወንዞቹ እየሞሉ ሄዱ፤ በግድቡ ውስጥ ያለው መሬት ደግሞ አዲስ አፈር ስላላገኘ እየሰጠመ ዝቅ አለ። በ1980ዎቹ የዝናቡ ውኃ መውጫ አጥቶ በብዙ መንደሮች ዓመቱን ሙሉ ይተኛ ጀመር። ባሕሩን እንዲያስቀር የተሠራው ግድብ ዝናቡን አስቀርቶ ያዘ።

በ1990 ቢል ዳካቲያ በሚባለው ረግረግ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ግድቡን በራሳቸው እጅ ቆረጡት። በ1997 በቢል ባይና እንዲሁ ተደረገ። ያደረጉት ከአያቶቻቸው የስምንት ወር ክትር ጋር በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ውኃው በደለል ደፍርሶ ይግባ፣ ሲሸሽ ጠርቶ ይውጣ የሚል ነው። ድርጊቱ በወቅቱ እንደ ሕገ ወጥነት ቢታይም፣ ባለሙያዎች ቆይተው ሲለኩት ረግረጉ በደለል ከፍ ብሎ፣ ወንዙም በሚገባውና በሚወጣው ውኃ ጉልበት ተጠርጎ ጥልቀቱን መልሶ አገኙት። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የውኃ ልማት ቦርድ ዘዴውን ተቀብሎ የማዕበል ወንዝ አስተዳደር በሚል ስም በሥራው ውስጥ አስገባው። በ2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ ሌላ ግድብ ሰብሮ ውኃው ሁለት ዓመት ያህል ሲገባና ሲወጣ ከቆየ በኋላ፣ ተመራማሪዎች በዚያ ያለው መሬት በውጭ ካለው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ እንደነበረና በሁለቱ ዓመት ውስጥ ግን በአስሮች ሴንቲ ሜትር የሚለካ ደለል እንደተቀበለ አረጋገጡ። የባሕር ከፍታ መጨመር ከሚያመጣው በላይ መሬቱን ዝቅ ያደረገው ግድቡ ራሱ እንደነበረ በቁጥር የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህን የምተርከው ገበሬዎቹ መሐንዲሶችን ረቱ ለማለት አይደለም። ቆረጣው ብቻውን የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። የትኛው ረግረግ በቅድሚያ ይከፈት? ስንት ዓመት ክፍት ይቆይ? ደለሉ በመግቢያው አፍ ላይ ብቻ እንዳይከመር ምን ይደረግ? ማሳው ለዓመታት በውኃ ሥር ለሚቆይበት ገበሬስ ማን ይካሰው? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስሌት ይፈልጋሉ፤ አራተኛው ግን ስምምነት ስለሚፈልግ በየቦታው ክርክርና ጠብ ሲያስነሣ ኖሯል። ጸሐፊው ለሳይንስ ብቻ ምስክር አድርገው ያቀረቧት አገር እንግዲህ ቋሚውን ግድብ ከነዋሪው ሳትጠይቅ ሠርታ ለሠላሳ ዓመት ዋጋ ከከፈለች በኋላ ያረመችው የነዋሪውን ሥራ በመለካት ነው።

ስለ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ያነሡትም ከዚያችው አገር ነው። በ1970 የመታት አውሎ ነፋስ ከ300000 ያላነሰ ሰው ገደለ፤ የ1991ዱ ወደ 138000 ገደማ፤ በ2007 ሲድር የተባለው ግን ወደ 3400 ገደማ። ጸሐፊው ልዩነቱን ሁሉ ለሳተላይት ሰጥተውታል። ሳተላይቱ ባይኖር ማስጠንቀቂያው አይኖርም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በ1991 ማስጠንቀቂያው ደርሷቸው ወደ መጠለያ ያልሄዱ ብዙዎች ነበሩ። ሴቶች ከባዕድ ወንዶች ጋር በአንድ አዳራሽ ተጨናንቀው ማደሩን ነውር አድርገው ይፈሩት ነበር፤ ቤተሰቡም ያለ የሌለ ሀብቱ የሆኑትን ከብቶች ጥሎ መሄድ አልቻለም። ይህን የሚያውቅ የአየር ትንበያ መሣሪያ የለም። በኋላ የተሠሩ መጠለያዎች ለሴቶች የተለየ ክፍል፣ ለከብቶችም ከፍ ያለ መደብ እንዲኖራቸው የተደረገው ሰዎቹ ስለተጠየቁ ነው። ማስጠንቀቂያውን ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሱት በ1972 የተጀመረው መርሐ ግብር በጎ ፈቃደኞችም ዛሬ ከ70000 የሚበልጡ የየመንደሩ ሰዎች ናቸው።

በአምስተኛው ነጥብ ከጸሐፊው ጋር አብዛኛውን እስማማለሁ። አዛውንቶችን አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስቦ፣ አበል ከፍሎ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ አስቀድሞ ባለቀ ሰነድ ላይ «ማኅበረሰቡን አማክረናል» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነገር ሆኗል። በ2015 የጸደቀው የፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 7 የመቋቋም ሥራ በተገኘው የላቀ ሳይንስ፣ «እንደ አግባቡም» በባህላዊና በአካባቢ ዕውቀት ይመራ ይላል፤ «እንደ አግባቡ» የምትለዋም ቃል ለእንዲህ ያለው የወረቀት ምክክር በር ትከፍታለች። ሆኖም ጸሐፊው ያቀረቡት መድኃኒት በሽታውን የሚያብስ ነው። በፊሊፒንስ ከተተከለው፣ በባሕር ዳርቻ ጨዋማ ውኃ ከሚያድገው የማንግሮቭ ዛፍ ብዙው የደረቀው፣ ለመትከል የሚቀለው ዝርያ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ዛፉ በተፈጥሮው በማይበቅልበት ጭቃ ላይ በብዛት ስለተተከለ ነው። ለሪፖርት የተፈለገው የችግኝ ቁጥር ነበር። በየትኛው ከፍታ የትኛው ዛፍ እንደሚበቅል በየቀኑ በዚያ የሚመላለስ ዓሣ አጥማጅ ቢጠየቅ ይናገር ነበር። የገንዘቡ ጥድፊያ የሚብሰው ነዋሪው ሲርቅ ነው።

ስለዚህ የአቃቂን ዳርቻ ጥናት በተመለከተ ጸሐፊው ካቀረቡት የተለየ ነገር እጠይቃለሁ። ንድፉ ከመሣሉ በፊት፣ ሰኔ ሳይገባ፣ የውኃ ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው፣ በሜዳው ላይ ያረሱና ከብት ያገዱ ሽማግሌዎች፣ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሴቶችም አብረው ከድልድይ እስከ ድልድይ ይሂዱ። ውኃው የደረሰበት ምልክት በተገኘበት ሁሉ ከፍታው ይለካ፤ ዓመቱም ይጻፍ። ከስሌቱ ጋር የማይገጥም ምልክት ሲገኝ ሁለቱም በድጋሚ ይመርመሩ። ስሌቱ ከሰው ትዝታ የበለጠ ውኃ የሚያሳይበት ቦታ ካለ ደግሞ በዚያ የሚኖረው ሰው ክረምቱ ሳይደርስ ይነገረው። ይህ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። የአዛውንቱ ልጅ ቤት ግድግዳ ላይ የዚያ ሌሊት የውኃ መስመር እስካሁን ይታያል፤ ከመሬት ያለውን ቁመትና ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ ለክቼ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ሥራው ሲጀመር ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።